የጠፋችው ቅዳሜ

ሐሙስ፣ ኅዳር 19። ሲልቨር ስፕሪንግ

ዋሽቻለሁ። ባለቤቴ የሺ ከተቀበረችበት ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ መቃብሯ ጋ ሄጄ አላውቅም። ለልጄ ለሜሮን ግን የእናቷ ሙት ዓመት በመጣ ቁጥር «ሄጄ መጣሁ» እላታለሁ። ሜሮን ነርስ ናት፤ ቀኑ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነው የሚያገኛት፤ ታምነኛለች። ጸበል ጸዲቁን አዘጋጃለሁ፣ የየሺን ስም ለቄሱ እሰጣለሁ፣ ጧፍ አበራለሁ። ወንዙን ተሻግሮ መቃብሯ ወዳለበት ወደ አሌክሳንድሪያ መሄድ ግን አቃተኝ።

ድንጋዩን ፈርቼ ነው። እዚህ አገር ለባልና ሚስት አንድ ሐውልት ይሠራሉ፤ በሕይወት ያለውንም አብረው ይጽፉታል። ሜሮን ፎቶውን በስልኳ አሳየችኝ። በግራ የሺ። በቀኝ እኔ። ስሜ፣ የተወለድኩበት ዓመት፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ባዶ። «ያምራል አይደል አባ?» አለችኝ። «ያምራል» አልኳት።

ዘንድሮ ሙት ዓመቷ፣ ኅዳር ሃያ አንድ፣ ቅዳሜ ይውላል። «ኦፍ ወስጃለሁ፣ አብረን እንሄዳለን» አለች ሜሮን። በየትኛው ረድፍ እንደሆነ እንኳ አላውቅም! የቀብሩ ቀን ደግፈው ወሰዱኝ፣ ደግፈው መለሱኝ፤ ሌላ ትዝ የሚለኝ የለም።

የየሺ ታናሽ ወንድም ግርማ አውስትራሊያ ነው። «ጋሼ ይምጡ፣ ገጠሩን በሞተር ላዙርዎት» እያለ ሲለምነኝ ኖሯል። ዛሬ «እሱ ጋ እሄዳለሁ» ብዬ ለሜሮን ነገርኳት። ቲኬት ቆራጭዋ «ዓርብ ማታ ተነስተው እሑድ ጠዋት ይገባሉ። መሀል ላይ ቅዳሜ የሚባል የለዎትም» ብላ ሳቀች።

«እሱን ስጪኝ» አልኳት።

እሑድ፣ ኅዳር 22። ሲድኒ

ገባሁ። ሌሊቱን በመስኮት ጠበቅኳት፤ ቅዳሜ በየትም በኩል አላለፈችም። ውኃ ብቻ፣ ጨለማ ብቻ።

ኤርፖርት ቆሜ ሳለሁ ሜሮን ኮል አደረገች። «አባ፣ እማዬ ጋ ነኝ። አበባ አምጥቼላታለሁ። ብርድ ነው።» እዚያ ገና ቅዳሜ ነው ለካ! እኔ የሸሸኋትን ቀን ልጄ ብቻዋን ቆማባታለች። «ሰላም በይልኝ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? እመቤቴ ሆይ፣ ያንቺንም ቀን ነው የዘለልኩት፤ ይቅር በይኝ።

ሰኞ

ግርማ ከሲድኒ ርቃ ባለች ትንሽ ከተማ ትራክተር ይጠግናል። ሞተር ሳይክሉ አሮጌ ነው፤ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ ነው የሚነሳው። እኔም በወጣትነቴ የመሥሪያ ቤት መልእክተኛ ሆኜ ሞተር እነዳ ነበር። የሺን ያገባኋት ከኋላዬ አፈናጥጬ ነው ማለት ይቻላል። ራሴ ግን ተፈናጥጬ አላውቅም።

የመጀመሪያው ኩርባ ላይ እሱ ወደ ግራ ሲያዘነብል እኔ ወደ ቀኝ። ሞተሩ ተንገዳገደ። ዳር ይዞ አቆመና ዞሮ አየኝ።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እንዳንወድቅ ብዬ።»

«እንዳንወድቅ ከፈለጉ አብረውኝ ይውደቁ! ሳዘነብል ያዘንብሉ። መሪው እኔ ጋ ነው።»

«እህትህ አስቸግራኝ አታውቅም።»

«እሷማ ታምንዎት ነበር።»

ቀልዱን ነው። ቃሉ ግን ከእኔ ጋር ቀኑን ሙሉ ዋለ።

ማክሰኞ

ማዘንበል ለመድኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ጀርባውን እከተላለሁ፤ ደስ ይላል።

የተፈናጠጠ ሰው መንገዱን አያይም፤ ጎን ጎኑን ነው የሚያየው። የታጨደ የስንዴ ማሳ። ነፋስ የሚያዞረው የውኃ መሳቢያ። ደረታቸው ሮዝ የሆነ በቀቀኖች፣ መቶ ይሁኑ ሁለት መቶ፣ ከሽቦው ላይ አንድ ላይ ብድግ። በአንዲት ዛፍ ጥላ ልክ የተኙ በጎች። ሰው የለም። ሰማዩ ከመሬቱ ይበልጣል። ግርማ አይቸኩልም፤ አንድ የጭነት መኪና አልፎን ሲሄድ እጁን ያወዛውዝለታል።

ሄልሜት ውስጥ መዝሙር ሲያዜሙ ድምፁ አይወጣም፤ እዚያው ጆሮ ላይ ይዞራል። ለአንድ ሰው የምትበቃ ቤተ ክርስቲያን።

የሺ ከኋላዬ ሆና ታየው የነበረው ይኼን ነው። እኔ ጉድጓድ ስሸሽ እሷ ሌላ አገር ላይ ነበረች። ቤት ስንገባ «ያቺን ቀይ በር አየሃት?» ትለኛለች። አላየሁም እላታለሁ። ከዚያ ሁሉ በር አንዱን እንኳ!

ረቡዕ

ምሳ፦ ድንች ጥብስ፣ ቀይ ሥር፣ ዳቦ። የነቢያት ጾም ነው። ግርማ ለአስተናጋጇ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል እንደማልበላ ሲነግራት በሐዘን አየችኝና ምን እንዳመመኝ ጠየቀችው። «ምን አልካት?» ስለው «ሐኪሙ ሰማይ ቤት ነው አልኳት» አለ። ድንች ደገመችልኝ።

ወንዝ ዳር ድንኳን ተከልን። ዙሪያው ባሕር ዛፍ ነው። «አገሩ እዚህ ነው ጋሼ፤ እኛ ጋ እንግዳ ነው» አለኝ። ቅርፊቱ እየተላጠ ይወድቃል፣ ግንዱ እንደ ሰው ገላ ለስላሳ። ውኃው ቆሟል ወይስ ይሄዳል፣ መለየት አልቻልኩም። እንደዚያ ተቀምጠን ሳለ ጠየቀኝ።

«የሺ ጋስ ዛፍ አለ?»

ለቀብሯ ቪዛ ተከልክሎ አልመጣም። ድንጋዩንም አላየም።

«አለ» አልኩት።

«ትልቅ ነው?»

«ትልቅ ነው።»

ኮፍያውን አወለቀ። «ተመስገን። ፀሐይ አትወድም ነበር።»

ምን ነካኝ? ምላሴ ለመደ።

ዓርብ፣ መድኃኔ ዓለም

ትናንት ምንም አልጻፍኩም። አፍሬ ነበር።

ዛሬ ሞተሩ ላይ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ። ሙቀቱ፣ የሞተሩ እርግብግብታ፣ ማለቂያ የሌለው ቢጫ ማሳ። አንድ ጊዜ እኔ ነኝ የምነዳው፣ አንድ ጊዜ የሺ ናት፤ ማን ከፊት ማን ከኋላ እንደሆነ ጠፋኝ። ስነቃ ግርማ በአንድ እጁ እጄን ሆዱ ላይ አጥብቆ ይዞ፣ በሌላው እየነዳ ነው።

«ተኝተው ነበር» አለ። «እሷም ትተኛ ነበር?»

ትተኛ ነበር። ያኔ ቀስ ብዬ እነዳለሁ። ይኼን ረስቼው ነበር። አንድ ደህና ነገር አድርጌላት ነበር ማለት ነው።

ሥራዬ የፓርኪንግ ጥበቃ ነው፤ ተቀምጬ የሰው መኪና ሲገባና ሲወጣ ሳይ ኖርኩ። ራሴ የትም አልሄድኩም። የግማሽ ሰዓት መንገድ ትቼ የዓለም ጫፍ ድረስ መጣሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 29። ሲድኒ ኤርፖርት

ግርማ ጉንጬን ደጋግሞ ሳመኝ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ጃኬቴ ኪስ ከተተልኝ። «ለየሺ። ዛፏ ሥር ያኑሩልኝ።»

ከዚያ ደግሞ እየሳቀ «ጋሼ፣ ዛሬን ሁለት ጊዜ ነው የሚኖሩት። አሁን ተነስተው እሑድ ነው የሚደርሱት» አለኝ።

አውሮፕላን ውስጥ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

እሑድ፣ አሁንም ኅዳር 29። አሌክሳንድሪያ

ቅጠሉን ሎስ አንጀለስ ላይ ፈታሾቹ ወሰዱብኝ። ሽታው ኪሴ ውስጥ ቀርቷል።

ሜሮን ኤርፖርት ጠበቀችኝ። «ሆም?» አለች።

«እናትሽ ጋ።»

«አባ፣ ስንት ሰዓት በርረህ! ነገ እንሄዳለን።»

«ዛሬ። በሩ ሳይዘጋ።»

የመቃብር ቦታው በር ጋ ስንደርስ መንገድ ለቀቀችልኝ፤ አባት ነህ፣ ቅደም ብላ። እግሬ ቆመ።

«አንቺ ቅደሚ» አልኳት። «የት እንደሆነ አላውቀውም።»

ዞረች። «አንድም ቀን?»

«አንድም ቀን።»

ፊቷ ቀላ። የምትሰድበኝ መሰለኝ፤ ብትሰድበኝ በወደድኩ። አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ቀደመች። ከኋላዋ ሄድኩ። ስትታጠፍ ታጠፍኩ።

ስሜን አየሁት። ከፎቶው ያንሳል። ባዶው ቦታም ድንጋይ ነው፤ እጄን አሳረፍኩበት፣ ቀዘቀዘኝ። አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። ጃኬቴን አውልቄ በየሺ በኩል ዘርግቼ አለበስኳት፤ ይሽተታት ብዬ። የሜሮን አበባ ውርጭ መትቶታል። ዛፍ የለም። ዙሪያውን አየሁ፣ አንድም የለም።

እዚያው ቆሜ ለግርማ ደወልኩ።

«ግርማ፣ ዛፍ የለም። ዋሽቼህ ነው። ገና ዛሬ መምጣቴ ነው።»

ከበስተጀርባው ትራክተር ይሰማል።

«ምን አለ ታዲያ?»

«ሜዳ። ነፋስ። ሜሮን አለች።»

«ፀሐይዋስ?»

«ከድንጋዩ ጀርባ ናት። ፊቷ ላይ አታርፍም።»

«እሺ» አለ። «እሺ ጋሼ። ልሂድ፣ ሥራ ልገባ ነው። እዚህ ሰኞ ነግቷል።»

ሜሮን ጃኬቱን አንስታ ጫንቃዬ ላይ ጣለችው። እስካሁን አላናገረችኝም። እሷ ሣሩ ላይ ናት፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እጽፋለሁ። እዚህ ገና እሑድ ነው።