የእሺ ቁልቁለት

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለአፀደ፣

እንደምን ከርመሻል እህት ዓለም? ያ ክረምት ሲገባ የሚይዝሽ ወገብሽ ዘንድሮ እንዴት ሆነልሽ? እማዬስ እንዴት ናት፣ ጉልበቷ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳታል ወይስ አሁንም ከደጅ ቆማ ነው የምትሳለመው? ጋሼ ዳኘውስ፣ ሸንኮራ ቆረጣው ሲቆም ትንሽ አረፍ አለ? ልጆቹስ? ፍልሰታንስ እንዴት ይዛችኋታል? እኔ በአካሌ ኪዳነምሕረት ትመስገን ደህና ነኝ፤ የቀረውን ከዚህ በታች ታነቢዋለሽ።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። በስልክ ባጫውትሽ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን በደወልኩ ቁጥር እማዬ «ድምፁን ከፍ አድርጊውና እኔም ልስማ» ትላለች፣ ጎረቤቱም አብሮ ይሰማል። ስለዚህ ወደ አገር ቤት ለሚመጣው ለሀፍሳ ወንድም ሰጠሁት። ሀፍሳ እዚህ ያፈራኋት ወዳጄ ናት፣ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ትሠራለች። እባክሽ ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢው።

እማዬ በፍሬም አስገብታ ሳሎን የሰቀለችው ፎቶዬ አለ አይደል? ሄልሜት ደፍቼ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኜ፣ ብስክሌት ይዤ የምስቅበት። ለመጣው ሰው ሁሉ «ልጄ አሜሪካ ሽርሽር ላይ ናት» እያለች እንደምታሳይ ነግረሽኛል። አፀድዬ፣ ያ ሳቅ አይደለም፤ ጥርሴን ነክሼ ነው።

ነገሩን ያመጣው የራሴው አፍ ነው። እንድርያስ ገና ሳንጋባ በስልክ ሲያጫውተኝ ምን እንደምወድ ጠየቀኝ። እኔም «የወንጂ ልጅ ይጠየቃል እንዴ፣ ብስክሌት ላይ ነው ያደግኩት» ብዬ ጎረርኩበት። እኛ ብስክሌት ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ በሸንኮራው መሀል ለጥ ያለውን መንገድ ይዞ፣ ከኋላ የገበያ ዘንቢል አስሮ ቀስ እያሉ መሄድ ነው። እሱ ግን በአራት ዓመቱ እዚህ የመጣ ልጅ ነውና ብስክሌት ሲባል የሚታየው ተራራ ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? አትላንታ በገባሁ ማግስት ጋራዡን ከፈተና በልኬ የተገዛች የተራራ ብስክሌት አሳየኝ። «ሰርፕራይዝ!» አለኝ። እኔም «እሺ» አልኩት።

ሌላ ምን ይባላል? እሺ ይበልጣል ከሺህ እየተባልን አይደል ያደግነው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ትሬይል የሚሉት ጠባብ የጫካ መንገድ ላይ ነኝ። የዛፍ ሥር ያደናቅፈኛል፣ ቅርንጫፍ ፊቴን ይገርፈኛል። እሱ ታች ሆኖ አውራ ጣቱን ያነሳልኛል። ሌላውን ቀን ደግሞ ቤት ነኝ። ሰፈራችን አቮንዴል እስቴትስ ሣሩ የታጨደ፣ ዛፉ የተከረከመ፣ ያማረ ቦታ ነው፤ ግን ያለ መኪና የትም አይደረስም፣ መንጃ ፈቃድ ደግሞ ገና አላወጣሁም። አማቴ ወይዘሮ ወለተሥላሴ ሲመጡ «ታድለሽ፣ የኔው ባል ታክሲ ሲነዳ ቅዳሜ መሆኑንም አያውቅ ነበር» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ክፉ ባል ቢሆን ኡኡ እል ነበር፤ እኔን መውጫ ያሳጣኝ ደግነቱ ነው።

በዚህ መሀል ሀፍሳ የነርስ ረዳትነት ኮርስ አገኘችልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰጥ ነው፣ በመኪናዋ ልታመላልሰኝ፣ ስጨርስ እሷ የምትሠራበት ልታስቀጥረኝ ቃል ገባች። አፀድዬ፣ እንዴት እንደጓጓሁ አልነግርሽም። በራሴ እግር ወጥቼ፣ ደክሞኝ የምገባበት ነገር አገኘሁ አልኩ። ምዝገባው ሊዘጋ ሲል ለእንድርያስ ልነግረው ቆርጬ እራት አቀረብኩ። እሱ ቀደመኝ። ላፕቶፑን ከፍቶ በወዲያኛው ጠረፍ ያለ የባሕር ዳር ትሬይል አሳየኝ። ባሕሩ ከታች ዓለቱን እየመታ አረፋ ይተፋል፤ መንገዷ ገደሉ አፋፍ ላይ እንደ መቀነት ተጥላለች፤ ከዚያ ጫካ ትገባለች፣ ከዚያ የሰው እርሻ ታቋርጥና ተመልሳ ገደል። ቅዳሜ ቅዳሜ ተለማምደን መስከረም ላይ እንሄዳለን፣ ፈቃድ ወስጃለሁ አለኝ። ዓይኑ እንደ ልጅ ያበራል። «እንሂድ?» ሲለኝ አፌ ቀደመኝና «እሺ» አለ። ኮርሱን ዋጥኩት።

ባለፈው ቅዳሜ በጾም አንጀቴ ወደ ሰሜን ወሰደኝ። የጥዱን ጫካ ጨርሰን ላሞች የሚግጡበትን መስክ በአጥሩ ጥግ አለፍን፤ እዚያ ስደርስ ሜዳ ስለሆነ ትንፋሽ አገኘሁ። ከመስኩ ማዶ ግን መንገዱ ድንጋይ በድንጋይ ሆኖ ወደ ታች ተደፋ። እሱ ወረደ። እኔ ከመሀሉ ስደርስ ፍሬኔን ጨብጬ ቀረሁ። ወደ ታች እንዳልል ገደል መሰለኝ፤ ወደ ላይ እንዳልል ሌሎች ብስክሌተኞች ከኋላዬ ቆመዋል። ከታች «ፍሬኑን ሪሊስ አድርጊው፣ ነይ!» አለኝ። «እሺ» አልኩ። አልተንቀሳቀስኩም። «እሺ ካልሽ ነያ!» አለ። «እሺ» አልኩት ደግሜ። ከኋላዬ ያሉት ወርደው፣ ብስክሌታቸውን ተሸክመው፣ በጎኔ አለፉ። እኔ እዚያው እንደተተከልኩ እሺ እላለሁ።

በመጨረሻ በእግሩ ወጥቶ መጣ። ያኔ ነው የፈነዳሁት። እሺ ማለቴ ሰማሁህ ማለቴ ነው፣ እወርዳለሁ ማለቴ አይደለም አልኩት። ኮርሱን፣ ቅዳሜውን፣ የባሕሩን ገደል፣ ሁሉንም እያለቀስኩ ዘረገፍኩት። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ «ሶ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ፌክ ስታደርጊ ነበር?» አለኝ። አልዋሸሁህም፣ አከበርኩህ ብዬ ብነግረውም አልገባውም። ብስክሌቶቹን እየገፋን በእግር ተመለስን።

ሰኞ ጉዞውን ሰረዘ። ለሀፍሳም ራሱ ደውሎ ለሚቀጥለው ዙር አስመዘገበኝ። የፈለግኩትን አገኘሁ፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እሺዬን አይቀበለኝም። ሻይ ላፍላልሽ ይለኛል፤ እሺ ስለው «ሪል እሺ ነው ወይስ የሰማሁህ እሺ?» ይላል። መጀመሪያ ሳቅን። ሐሙስ ዕለት ግን ሳህን እያጠበ፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ «ታገቢኛለሽ ወይ ስልሽም እሺ ነው ያልሽኝ። ያኛው የትኛው ነበር?» አለኝ። ልመልስለት ስል «አሁን አትመልሺልኝ፤ ቶሎ የሚመጣውን አላምነውም» አለ።

ያኔ በስልክ ሲጠይቀኝ አንቺ አጠገቤ ነበርሽ። እጄ ሳሙና ስለነበር ስልኩን ጆሮዬ ላይ የያዝሽልኝ አንቺ ነሽ። እማዬ በዓይኗ ስትለምነኝ አይተሻል። ያ እሺ የእማዬ ነበር እህቴ፤ እኔማ መልኩን እንኳ በቅጡ አላውቀውም ነበር። እውነቱን ብነግረው ይሰበራል፤ ብዋሸው ያውቅብኛል። ጭንቀቴ ደግሞ ዛሬ የምወደው መሆኑ ነው። እወደዋለሁ፤ ግን የሚያምነኝበትን ቃል ራሴው ጨርሼበታለሁ። እስቲ ምከሪኝ፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ትይዋለሽ?

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ይህን ግን አታንብቢላት። ጋሼ ዳኘውን አክብራ ሰላም ብላሃለች በይልኝ። ልጆቹን ግራና ቀኝ ጉንጫቸውን ሳሚያቸው፤ ትንሿን ደግሞ ጨምሪላት። እንድርያስም ሁላችሁንም ሰላም በይልኝ ብሏል። ምን እየጻፍኩ እንደሆነ አልጠየቀኝም። ምክርሽ እስኪደርሰኝ ወር ይፈጃል፤ እሱ ግን ዛሬ ቅዳሜ ሆኖ የትም አልሄደም፣ ሳሎን ተቀምጦ እየጠበቀኝ ነው።

እህትሽ ዘሪቱ
አቮንዴል እስቴትስ፣ አትላንታ
ነሐሴ 14 ቀን 2008 ዓ.ም.