መብራት ሲመጣ የማይነቃው ፍሪጅ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

ተነሣ! ሶኬቱን ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ ተነሣ። ደግሜ ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ ተነሣ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ «ኧረ ተይው፣ ይደክመዋል» አለችኝ። ፍሪጅ ነው የሚደክመው!

ፍሪጅ እንለዋለን እንጂ ማቀዝቀዝ ከተወ ቆይቷል። በቴክኒሻንነት የምሠራበት ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ተጥሎ አየሁት፣ አስፈቅጄ ወደ ቤት አመጣሁት። አሁን ሥራው ማሞቅ ነው። ውስጡ አምፖሎች፣ ትንሽ ቬንትሌተርና አንድ ሳህን ውሃ አሉ። በሩ ላይ ደግሞ መዳፌን የምታህል የኮምፒውተር ቦርድ አለች፤ ሙቀቱን እየለካች አምፖሉን የምታበራና የምታጠፋ እሷ ናት። እንቁላሎቹ መሀል ላይ፣ በጤፍ ገለባ ተኝተዋል፤ ከገቡ ዛሬ አሥራ አምስተኛ ቀናቸው ነው።

ስለ እንቁላሎቹ መጻፍ አለብኝ። በፋሲካ ሰሞን ፈንግል ገብቶ በሽታው የሰፈሩን ዶሮ ሲጨርስ የእማዬም አለቁ። እማዬ ለዶሮ የምታለቅስ ሴት አይደለችም። እነዚያ ግን እናቷ ስትድራት በቅርጫት ያስያዘቻት የገብስማ ዶሮ ዘር ናቸው። ከዚያ ወዲህ የመጣ ዶሮ ሁሉ የዚያችው ልጅና የልጅ ልጅ ነው። ደምበጫ ያለችው እኅቷ፣ አክስቴ እታለም፣ ከዘሩ አንዲት ቀርታላት ኖሮ ሳትበላ ሳትሸጥ እንቁላሏን አጠራቅማ፣ በገለባ ጠቅልላ፣ በሚኒባስ ላከችልን። የምታቅፍ ዶሮ በሰፈሩ የለም። ስለዚህ የምታቅፈው ፍሪጄ ናት።

ችግሩ መብራት ነው። በክረምት መግቢያ ሲሄድ ሲመጣ ነው የሚውለው። ሲሄድ እማዬ በጀሪካን የሞቀ ውሃ ታስገባለች፤ ሲመጣ ጀሪካኑን አውጥታ ለቦርዷ ታስረክባለች። ቦርዷ ደግሞ ራሷ መንቃት አለባት። የምትቀሰቅሳት ቡት ሎደር የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ናት፤ ኤሌክትሪክ እንደመጣ ከሁሉ ቀድማ ትነሣለች፣ ትልቁን ፕሮግራም ፈልጋ ትቀሰቅሳለች፣ አበቃ። እማዬ ምንድን ናት ስትለኝ «እንደ ደወል ደዋዩ ናት፤ ቄሶቹን ትጠራለች እንጂ አትቀድስም» አልኳት። አባዬ ከመደባቸው ላይ ሆነው ሳቁ።

የትልቁ ፕሮግራም ሁለት ቅጂ አለኝ። አሮጌው መብራት ሲመለስ ሰው «ጀምር» የሚለውን አዝራር እስኪጫንለት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ለላብራቶሪ የተሠራ ነውና። ዛሬ የጫንኩት አዲሱ ብቻውን ይቀጥላል። አሮጌውን ለመጠባበቂያ ተውኩት። ሁለቱም ሲሠሩ የሠሩበትን ቀን ይመዘግባሉ። ቡት ሎደሯን «ቀናቸውን አስተያዪና በቅርቡ በደህና የሠራውን ቀስቅሺ» ብዬ አዘዝኳት። ዛሬ ራሴን ወድጄዋለሁ።

አባዬ ወደ ማታ መጥተው የአዲሱን ስክሪን ትኩር ብለው አዩት። ሙቀት፣ ሰዓት፣ ቀን። አዝራሮቹ ለምን እንደሆኑ ጠየቁኝና አንድ በአንድ አሳየኋቸው። «የሙቀቱን ብቻ እንዳይነኩብኝ» አልኳቸው። «ከሙቀቱ ምን አለኝ» አሉ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ምን ዓይነት ቀን ነው!

ጧት መብረቅ ጣለ፣ መብራት ሄደ። እኩለ ቀን ላይ መጣ። እማዬ እንደ ነገርኳት ጀሪካኑን አወጣች። ከሥራ ስመለስ በሩን ከፈትኩ፤ አምፖሉ ጠፍቷል፣ ገለባው ቀዝቅዟል። ስክሪኑ ላይ «ለመጀመር አዝራሩን ይጫኑ» ይላል። አሮጌው ቅጂ! ማን ቀሰቀሰው?

እማዬ «አምፖሉን ማየት ነበረብኝ» አለች። እኔን ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ራሱ ይነሣል፣ አታስቢ» ያልኳት እኔ ነኝ።

እንቁላሎቹን በነጠላዋ ጠቅልላ ጉያዋ ውስጥ አድርጋ፣ ፍሪጁ እስኪሞቅ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠች። እኔም በላፕቶፕ አዲሱን ቅጂ እንደገና ጫንኩ። ነቅዬ ሰካሁ፤ ይነሣል። እኔ ሳለሁ ጨዋ፣ ዘወር ስል ወሮበላ።

ይህ ሁሉ ሳያንስ አክስቴ እታለም ደወለች። ትናንት ሸለምጥማጥ ገብቶ ገብስማዋን በልቷታል። እማዬ ስልኩን እንደያዘች «በቃ፣ አንቺ ደህና ሁኚ፣ በቃ» ስትል ሰማኋት። ከዘጋች በኋላ ወደ ፍሪጁ ሄዳ በሩን ሳትከፍት በመዳፏ ዳሰሰችው።

ከእንግዲህ ከዚያ ዘር የቀረው እዚያ ውስጥ ያለው ነው። በሕይወት ካለ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12፣ ሚካኤል

እማዬና አባዬ ለንግሥ ሄደዋል። እኔ «ሚካኤል ይቅር ይበለኝ» ብዬ ቀረሁ። ፈረሴን አምጡልኝ እንዳለ ጀግና ኬብሌን ይዤ ፍሪጁ ፊት ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ዝም ብዬ ነቅዬ ሰካሁት። አሮጌው ተነሣ! ትናንት ማታ ስሞክረው ግን አዲሱ ነበር። ማንም አልነካውም፣ መብራትም አልሄደም። እንዲህ ያለ ነገር ያሳብዳል።

ኬብሉን ሰካሁና ቡት ሎደሯ ስትነሣ የምታወራውን በላፕቶፑ አነበብኩ። በጣም ታማኝ ፍጡር ናት፣ የምታስበውን ሁሉ ትናገራለች። አሮጌው ቅጂ፦ የተመዘገበበት ቀን፣ 2025። አዲሱ ቅጂ፦ የተመዘገበበት ቀን፣ 2017። የቅርቡ አሮጌው ነው፤ እሱን እቀሰቅሳለሁ።

ልክ ናት። የታዘዘችውን ነው የሠራችው።

ግን 2017 ከየት መጣ? ሰዓቱን የምትጠብቀው ባትሪ ብታልቅ ቀኑ ወደ መነሻው፣ ወደ 1970 ነው የሚወድቀው። ወሩን አየሁ፤ 10። ቀኑን አየሁ፤ 12። ቀና ብዬ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አየሁ። ዛሬ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ሰኔ አሥረኛው ወር ነው።

ወይ አባዬ!

አባዬ በቅኔ ቤት የኔታ ናቸው። ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ፤ ጾሙ መቼ ይገባል፣ ትንሣኤ መቼ ይውላል፣ ይህን የሚያሰላውን ትምህርት። በቤታቸው ውስጥ ስምንት ዓመት የተሳሳተ ዕቃ ቆሞ እንዴት እንቅልፍ ይወስዳቸው!

ከንግሥ ሲመለሱ ኩታቸውን ሳያወልቁ ጠየቅኳቸው። ደስ ብሏቸው ነገሩኝ። «ዓመቱም፣ ወሩም፣ ቀኑም፣ ሰዓቱም የተሳሳተ ነው ልጄ። ሥራ በዝቶብሽ እንደሆነ ገባኝ። እንዳላስቸግርሽ ብዬ ማክሰኞ ማታ አቀናሁልሽ። ዛሬ ጧት ባይ ደግሞ ተመልሶ ተሳስቷል፤ ደግሜ አቀናሁት።»

ትናንት ከላፕቶፑ ጋር ሳገናኘው ሰዓቱን ራሱ ከላፕቶፑ ወስዶ ወደ ፈረንጁ አቆጣጠር መልሶት ነበር። እኔ ሳበላሽ፣ እሳቸው ሲያቀኑ።

ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ፊታቸውን ሳይ ተውኩት። ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው፤ ደወል ደዋይዋ የቀኑን ቁጥር አይታ እንደምትመርጥ፣ 2017 ከ2025 ያረጀ እንደሚመስላት። እስከ መጨረሻው አደመጡኝ። አእምሯቸው ፈጣን ነው፣ እኔ ሳልጨርስ ደረሱበት።

«እንግዲያ የእናትሽን እንቁላል ያቀዘቀዝኩት እኔ ነኛ» አሉ።

«አይደሉም፤ ሰው የሚነካውን ሰዓት ዳኛ ያደረግሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። እውነቴን ነው። ቀን ባልሆነ ነገር መምረጥ ነበረባት። ግን አልሰሙኝም። ኩታቸውን አውልቀው ሳያጣጥፉ በእጃቸው እንደያዙት ቀሩ። አባቴን እንዲህ ሆነው አይቻቸው አላውቅም፣ አንጀቴን በሉት።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

ለእማዬ ራሳቸው ነገሯት። እኔ ጓዳ ሆኜ ሰማሁ፤ መስማትም ፈልጌ ነበር። ሰምታ ጨረሰች። ከዚያ «ታዲያ እርስዎ ለዚች ፍሪጅም የኔታ ሆኑ?» አለች። መሳቋን በድምፅዋ አወቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

የዛሬ ሥራ፦

ቡት ሎደሯ ከእንግዲህ ቀን አታይም። አዲስ ቅጂ በተጫነ ቁጥር ተራ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ትልቁን ትቀሰቅሳለች። ሦስቴ ሞክራ እንቢ ካላት ወደ ሌላው ትሄዳለች። ከአሮጌውም ያንን «አዝራሩን ይጫኑ» የሚል ጣጣ አወጣሁለት።

እንዲህ ስጽፈው ቀላል ነው። መሀል ላይ አንዲት መስመር አሳስቼ ቦርዷ ጭራሽ ጭጭ አለች። እማዬ ጀሪካኑን አስገባች፣ የአባዬን ጋቢ ፍሪጁ ላይ አለበሰች፤ ጎረቤት ቢያይ ምን ይለናል። ስህተቱን እስካገኝ አንዲት ቃል አልተናገረችኝም። እንዲህ ያለ አለቃ ኮሌጁ ቢሰጠኝ!

ከቀትር በኋላ ነቃች። ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ሰዓቱን ሆን ብዬ አበላሸሁ፣ ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ትነሣለች።

እንቁላሎቹን በባትሪ ብርሃን አየናቸው። አንዳንዱ ጠቁሮ ሞልቷል፤ አንዱ ውስጥ የሆነ ነገር የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። እማዬ «ተንቀሳቅሷል» አለች። እኔ እንጃ። ሁለቱ ግን ልክ እንደ ተጣሉበት ቀን ናቸው፣ ምንም የለባቸውም። ለይታ አወጣቻቸው።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

አባዬ ወደ ፍሪጁ አይጠጉም። ሲያልፉ እንኳ በሩቅ ዞረው ነው የሚያልፉት። ይህ አይሆንም አልኩ።

«አባዬ፣ ስክሪኑ የኛን ቀን እንዲያሳይ እፈልጋለሁ፤ ስሌቱን ያስተምሩኝ» አልኳቸው። ላባብላቸው እንደሆነ ገብቷቸዋል። ቢሆንም መጡ። ኮሌጅ ካስተማሩኝ ሁሉ የእሳቸውን ግማሽ ያህል ትዕግሥት ያለው መምህር አልነበረም። ጳጉሜን በዘመነ ሉቃስ ስድስት ስትሆን ምን እንደምጨምር ሲያስረዱኝ ድምፃቸው ተመለሰ። ሁለቴ ስቼ ሁለቴ አረሙኝ። «ቸኩለሽ ነው፤ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ችኩል ነሽ።»

ስክሪኑ አሁን «ቅዳሜ ሰኔ 14» ይላል፣ በኛ ሰዓት። ከሥር ያለው ሰዓት የፈረንጁን አቆጣጠር እንደያዘ ነው፤ ማንም አይነካውም፣ አዝራሩን አውጥቼዋለሁ።

ሶኬቱን እሳቸው ነቀሉ፣ እሳቸው ሰኩ። አምፖሉ እስኪበራ ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር። ሲበራ «ተመስገን» አሉ። ነገሩ ግን እንቁላሎቹ እንጂ አምፖሉ አይደለም፣ እሳቸውም ያውቁታል።

ሰኞ፣ ሰኔ 16

ዛሬ ሃያ አንደኛ ቀናቸው፣ መፈልፈያቸው ነበር። ምንም የለም።

ሥራ ቦታ ሆኜ መብራት ሄደ። ደቂቃ አልቆየም፣ መጣ። ደወልኩ። «ተነሣ?» «ተነሥታለች፤ የጀሪካኑን ውሃ ሳላፈላ ነው የደረሰችው» አለች እማዬ። ብቻዋን፣ ማንም ሳይነካት! ሌላ ቀን ቢሆን በላብራቶሪው እዘፍን ነበር።

«ድምፅ አለ?»

«የለም።»

ቤት ስገባ አባዬ ከፍሪጁ አጠገብ ቆመው በቃላቸው ጸሎት ይደግማሉ። ተማሪዎቻቸው ቅኔ ሊነግሯቸው መጥተው አጥር ጥግ ይጠብቃሉ፤ እሳቸው ረስተዋቸዋል። «አባዬ፣ ልጆቹ ቆመዋል» ስላቸው ደንግጠው ወጡ።

እማዬ የቀዘቀዘ እንቁላል ሊዘገይ ይችላል ትላለች። ለእኔ ብላ ይሁን ለራሷ አላወቅሁም። ቦርዷን ስለሠራሁ የማላውቀው ነገር የሌለ መስሎኝ ነበር። እንቁላል ውስጥ ያለውን ግን በኬብል ማንበብ አይቻልም። ፈርቻለሁ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17

ቢደበላለቅም ልጻፈው።

ጎሕ ሲቀድ እማዬ ስሜን ጠራችኝ። አልጮኸችም። ሄድኩ። ፍሪጁ ፊት ተንበርክካለች፣ አባዬም ከኋላዋ ለኪዳን ሊወጡ መቋሚያቸውን እንደያዙ ቆመዋል። አንዷ እንቁላል ተሰንጥቃለች። በስንጥቁ ጫፍ አንዲት አፍ ትከፈታለች ትዘጋለች።

ላግዛት እጄን ስሰድ እማዬ መታችኝ። «ተያት፣ ራሷ ትውጣ።»

ስንጠብቅ አባዬ ወደ ኪዳኑ ሳይሄዱ ቀሩ። ማንም ምን ሆኑ አላላቸውም። በመጨረሻ ወጣች፤ እርጥብ፣ ቀጫጫ፣ አንገቷን መያዝ ያቃታት። ከሌላዋ ውስጥም ጭር ጭር የሚል ይሰማል። የቀሩት ዝም እንዳሉ ናቸው፤ ስለ እነሱ ገና አላውቅም።

አባዬ መደቡ ላይ ቁጭ አሉና ፊታቸውን በኩታቸው ጫፍ ሸፈኑ። እማዬ አልፋቸው ስትሄድ ትከሻቸውን ጫን አደረገች።

ከዚያ ስልኬን ተቀብላ ለእኅቷ ደወለች። እታለም «ሃሎ፣ ሃሎ» ስትል እማዬ ስልኩን ፍሪጁ ውስጥ አስገብታ ከጫጩቷ አፍ አስጠጋችው። ጫጩቷ ጮኸች።

ቀጥሎ የእታለም ድምፅ መጣ። «ዝም በይ እስኪ፣ አታልቅሺብኝ፣ ልስማት!»

እማዬ ትንፍሽ አላለችም ነበር። የምንሰቀሰቀው እኔ ነበርኩ።