ከሶንጎ የወጣው ቪዲዮ

ማክሰኞ

ጠዋት ዲላ ያለውን ፎቶ ኮፒ ቤቴን ከፍቼ ገና ማሽኑ ሳይሞቅ አንዲት ደንበኛ «ትናንት አስለቀሳችሁኝ» አለችኝ። ትናንት ምንም አልለጠፍንም። መብራት ስላልነበረ ገደብ ከተማ ገበያ የቀረጽነውን ቪዲዮ አብሮኝ ገጹን የሚሠራው አቤል ኤዲት ማድረግ አልቻለም። «በቃ ዛሬ ይለፈን» ብዬው ነበር የተለያየነው። ገጻችንን ስከፍት ጋሽ ዱካለ ያለቅሳሉ።

ያለሁበትን ረስቼ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።

ጋሽ ዱካለ ዱመርሶ አካባቢ ያሉ ገበሬ ናቸው። ከታናሽ ወንድማቸው ጋር በድንበር ተጣልተው ኖረው ሽማግሌዎች ባለፈው ሶንጎ ላይ፣ በአገሩ የእርቅ ሸንጎ፣ አስታረቋቸው። እኔና አቤልን እዚያ ያስገቡን ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሆኑት አጎቴ ጋሽ በራሶ ናቸው። የሶንጎውን ቤት፣ አቀማመጡን፣ ምርቃቱን ቅረጹ ተባልን። ነገሩ ሲጀመር ግን ካሜራው ይጥፋ፤ ሶንጎ ላይ ሰው ያመነው ጥፋት ከሶንጎ አይወጣም አሉን። እሺ አልን። አቤልም እሺ ብሏል፣ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

ጋሽ ዱካለ የወንድማቸውን እንሰት ነቅለው ድንበር መግፋታቸውን ያመኑት ካሜራው «ከጠፋ» በኋላ ነው። አቤል ስልኩን ጉልበቱ ላይ ደፋ አድርጎ ነበር። እኔ የጠፋ መስሎኝ ነበር።

ይህን ያህል ተመልካች አግኝተን አናውቅም። መጀመሪያ ያየሁትም ቁጥሩን ነው፣ ልዋሽ አልችልም። ደስ አለኝ፤ ከዚያ አመመኝ።

አቤል ስልክ አያነሳም።

ረቡዕ

ዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ያለው ጁስ ቤት አገኘሁት። አቮካዶውን በማንኪያ እየበላ ነው። ምንም እንዳልተፈጠረ «ምን ልዘዝልሽ?» ይለኛል።

ለምን አጠፋሁት ብለህ ዋሸኸን አልኩት። ረስቼው ነው አለ። ረስተኸውስ ከሆነ ለምን ለጠፍከው አልኩት። እዚህ ላይ ተቆጣ። በየቀኑ ካልለጠፍን ገጹ ይሞታል እያልሽ ስትጨቀጭቂኝ የከረምሽው አንቺ አይደለሽም ወይ አለ።

እኔ ነኝ። ሱቄ ግድግዳ ላይ በእጄ ጽፌ ለጥፌዋለሁ፦

በየቀኑ አንድ ቪዲዮ፣ ሰው ከሥራ ሲገባ።
ብንታመምም።
መብራት ቢጠፋም።
ሰው ያልፈቀደውን አንነካም።

ሦስቱን አጥንቶ አራተኛውን ዘለለው።

«ፊታቸው እኮ ግማሹ ነው የሚታየው፣ አታካብጂ» አለኝ። እሱ አያውቅ ይሆን? እዚህ አገር ሰው በድምፁ፣ በኮፍያው፣ በአቀማመጡ ይታወቃል። አጥፋው አልኩት። ይሄን ካጠፋን አለቀልን አለ። እንግዲያው እኔ አጠፋዋለሁ ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ፓስወርድ ጠየቀኝ። ጻፍኩ። ስህተት ነው አለኝ። ደግሜ ጻፍኩ።

አቤል ብርጭቆው ውስጥ ነበር የሚያየው። «የለወጥኩት ተናደሽ እንዳታጠፊው ብዬ ነው» አለ።

ማለት፣ ቀድሞ አስቦበታል። እንደምናደድም፣ ልክ እንደሆንኩም ያውቃል። እሱን ነው መዋጥ ያቃተኝ። ካሜራ ማየት ሲያስፈራኝ «እኔን እያየሽ አውሪ» እያለ ያስለመደኝ ልጅ ነው። ከትምህርት ቤት ጀምሮ ወንድሜ ነበር። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል ፈረሱን እንጂ መሬቱን አላስበውም ነበር። መሬቱ ለካ ደረቅ ነው።

ምንም ሳልጠጣ ሂሳቡን ከፈልኩለት፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ሐሙስ

አጎቴ ከዱመርሶ ድረስ በሚኒባስ መጡ። ሱቄ ገብተው የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሻይ ልላክ ስላቸው አይሆንም አሉ። አጎቴ ሻይ እንቢ ሲሉ አይቼ አላውቅም።

እሳቸው ቪዲዮ የሚያሳይ ስልክ የላቸውም። የሠፈር ጎረምሶች ናቸው ያሳዩአቸው። ጋሽ ዱካለ ገበያ ወጥተው «እንሰቴን ጠብቁልኝ» እየተባለ ተሳቀባቸው። ከዚያ ወዲህ ከቤት አልወጡም። ልጃቸውም ትምህርት ቤት አልሄድም ብላለች። ከሁሉ የባሰው ሌላ ነው፤ ጋሽ ዱካለ ያስቀረጸኝ ወንድሜ ነው ብለዋል። እርቁ ፈረሰ። ስንት ጊዜ የተለፋበት እርቅ በእኛ ስልክ ፈረሰ።

አቤል ነው የለጠፈው አልኳቸው። ፓስወርዱን ለውጦብኛል አልኩ። እያወራሁ ራሴን ስሰማ የምከስስ ልጅ መሰልኩ። እስክጨርስ ጠበቁኝ። አጎቴ አማርኛ ሲናገሩ ሴትና ወንድ አይለዩም፤ ሁሌ እስቅባቸው ነበር።

«እኔ አንተን ነው ያመንኩት» አሉኝ። «ስልኩን አላመንኩም፣ ያንን ልጅም አላመንኩም። አንተን ነው።»

ቅዳሜ ሶንጎ ትመጣለህ፣ ልጁንም ጥራ ብለው ሄዱ። ለአቤል ጻፍኩለት። አንብቦታል። መልስ የለም።

ዓርብ

ከምሳ በኋላ እናቴ «ተይው፣ ለእግዜር ስጪው» አለችኝ። ለእግዜር ከመስጠቴ በፊት አንድ ጥፊ ብሰጠው ደስ ይለኝ ነበር።

ቪዲዮ አልሠራሁም። አመሻሽ ላይ ሰዓቱ ሲደርስ ግን እጄ ስልክ ፍለጋ ሄደ። አንዳንዱ የገጹ ተከታይ በግል እየጻፈ ነው፤ የት ጠፋሽ፣ አሞሽ ነው ወይ ይላሉ። እነዚህን ሰዎች ማጣት አልፈልግም። ይህን ካልጻፍኩ ደግሞ ሌላው ሁሉ ውሸት ነው።

ከዚያ አዲስ ቪዲዮ ወጣ። የገደብ ገበያው። አቤል ኤዲት አድርጎ ለጠፈው፣ በእኔ ድምፅ፣ በእኔ ፊት። «እንደምን አመሻችሁ፣ ዛሬ ደግሞ ገበያ ወጥተናል» እያልኩ እስቃለሁ። የጋሽ ዱካለም ከሥሩ አለ። እኔ እቤቴ ቁጭ ብዬ እያለቀስኩ እዚያ እስቃለሁ።

ቅዳሜ

ሄድኩ።

ወንድማማቾቹ ተራርቀው ተቀምጠዋል። ተጠየቅሁ፤ ከመብራቱ መጥፋት ጀምሮ የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ። ስጨርስ የሞተር ድምፅ ተሰማ። አቤል መጣ። ኮፍያውን አውልቆ ገባ። ሶንጎ ላይ ነገሩ ሳይጣራ ሰው አመነ አይባልም፤ አንድ በአንድ ጠየቁት፣ እሱም አንድ በአንድ መለሰ። ካሜራውን አውቄ ነው ያላጠፋሁት አለ። ለእኔ ረስቼው ነው ብሎኝ ነበር። ቪዲዮውን ዛሬ ጠዋት አጥፍቻለሁ፣ ሰው አውርዶ የተቀባበለውን ግን መመለስ አልችልም አለ። የጋሽ ዱካለ ወንድም ምንም እንደማያውቅም ተናገረ።

ጋሽ ዱካለ ወንድማቸውን አዩት። ከዚያ ተነስተው ሄደው አጠገቡ ተቀመጡ። አቤልንም ይቅር አሉት። ሽማግሌዎቹ መረቁ። እኔ በቃ ያለቀ መስሎኝ ስነሳ አጎቴ «እናንተስ?» አሉ። እኔንና አቤልን ነው።

ዲላ ቢሆን «ኧረ ችግር የለም» እል ነበር። ለሰው ሁሉ እላለሁ። እዚያ ግን ውሸት አይነገርም። ሁሉም አየኝ። አቤል መሬት መሬቱን ያያል።

«ይቅር አላልኩትም» አልኩ። «በሉ ካላችሁኝ እላለሁ፣ ግን እውነት አይሆንም።»

አጎቴን ያሳፈርኳቸው መሰለኝ። እሳቸው ግን በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲሆንልህ ትመጣለህ፣ ሶንጎው የትም አይሄድም አሉኝ። አቤል ሲወጣ አዲሱን ፓስወርድ በቴክስት ላከልኝ። ዲላ ላድርስሽ አለ። አይሆንም አልኩት፤ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

አስፋልቱ ላይ ሚኒባስ ስጠብቅ ጋሽ ዱካለ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ላያቸው አፈርኩ። መኪና እስኪመጣ አብረውኝ ሊቆሙ መሆኑ ገባኝ። ለምን ያንን ልጅ ይቅር አሉት ብዬ ጠየቅኋቸው፤ መጠየቅ አልነበረብኝም።

«ይቅር ብዬዋለሁ» አሉ። «ቤቴ ግን አይመጣም።»

ሰኞ ቡና እንለቅማለን፣ አንተ ና አሉኝ። እሳቸውም እንደ አጎቴ አንተ ነው የሚሉኝ። ስልክህን ግን ቤትህ ተወው አሉ።

እሺ ብያቸዋለሁ። ሰኞ ቪዲዮ የለም ማለት ነው። ማክሰኞም መኖሩን እንጃ። አሁን ይህን እየጻፍኩ የማስበው፣ በዚያ ሁሉ ቡና ለቃሚ መሃል ቆሜ ያለ ስልክ እጄን የት እንደማደርገው ነው። ቅርጫት ይሰጡኛል መሰለኝ።