የመልካ ጀብዱዋ ምስክር

ሐምሌ 8 ቀን 1977
ሙቀቱ አይጣል ነው። ለተግባር ልምምድ ከዩኒቨርሲቲ ተልኬ መጥቼ መዝገብ ስደረድር ዋልኩ። አለቃዬ ጋሽ በዛብህ፣ ጠበቃ ለሌላቸው ተከሳሾች መንግሥት ያቆማቸው ተከላካይ ናቸው። ስገባ ወሬ ያቆማሉ። ለምን?

ሐምሌ 11
ወህኒ ቤት ሄድን። ተከሳሹ አብዲቃድር የባቡር ሠራተኛ ነው። ጦር መሣሪያ የጫነ ባቡር ለመገልበጥ የሐዲድ ብሎን ፈታህ ብለውታል። ሞት ያስፈርዳል... አማርኛው ትንሽ ስለሆነ አስተርጓሚው አቶ ሙመድ አብረውን ገቡ።
"ያን ሌሊት መልካ ጀብዱ፣ እህቴ ዳሃቦ ጋ ነበርኩ። ምጥ ይዟት። ግን እስከ ችሎቱ ስሟ እንዳይወጣ!"

ሐምሌ 15
ዳሃቦ ታሰረች። ከነጨቅላዋ! ስሟን የሰማነው እኛ ሦስታችን ብቻ...
ጋሽ በዛብህ፣ "ትናንት ከሥራ ወጥተሽ የት ሄድሽ?" አሉኝ። እኔን! እሳቸውስ የት ነበሩ?

ሐምሌ 17
ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ሥር፣ አንድ ሰውዬ አስቆመኝ። በስሜ ጠራኝ፤ የደኅንነት ሰው መሆኑ ገባኝ።
"ጓድ ወይንሸት፣ ጠበቃው የሚያወራውን ብትነግሪን..."
"እኔ መዝገብ ነው የምደረድረው" ብዬ አለፍኩ።  ጋሽ በዛብህ የእነሱ ሰው ከሆኑ ለምን ያሰልሏቸዋል? ወይስ እኔን እየፈተኑኝ ነው?

ሐምሌ 18
የመጣው ይምጣ ብዬ ለጋሽ በዛብህ ነገርኳቸው። 
"እኔ እኮ የእነሱ ነሽ ብዬ ነበር።"
ከዚያ አቶ ሙመድን ጠሩ። "ሌላ ምስክር አግኝተናል። ወልደጻድቅ የሚባል የጣቢያ ዘበኛ" አሏቸው። አቶ ሙመድ ሲወጡ ጋሽ በዛብህን ጠየቅኳቸው፣ ማነው ብዬ።
"ከሞተ ቆየ።"

ሐምሌ 20
የወልደጻድቅን ቤት ፈትሸዋል። ሚስቱን "ባልሽን አምጪ" ብለው አንገላቷት። ስለዚህ ወሬ የሚያወጡት አቶ ሙመድ ናቸው... ጋሽ በዛብህ ሴትዮዋን አላሰቧትም ነበር። ምሳ አልበሉም።

ነሐሴ 3
ችሎት። ሌላ አስተርጓሚ ጠየቅን፤ ተፈቀደ። ዳሃቦ ከእስር ቤት ቀርባ፣ ልጇን ታቅፋ መሰከረች። ዐቃቤ ሕጉ ጮኸባት። ቃሏን አልለወጠችም።

ነሐሴ 10
አብዲቃድር ነፃ ተባለ! ዳሃቦ ግን አልተፈታችም። ለምን እንደሆነ የሚነግረን የለም።
ነገ ወደ አዲስ አበባ እመለሳለሁ። ሻንጣዬን ላሰናዳ ስገባ አቶ ሙመድ ደጄ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።
"ወላሂ፣ ልጄ በሺር እነሱ እጅ ነው። ካልነገርከን አታየውም አሉኝ። ምን ላድርግ?"
አለቀሱ። እንባው የእውነት ይመስለኛል። ላጽናናቸው ነበር አፌን የከፈትኩት።
የወጣው ግን፣ "ማን ላከዎት?" የሚል ነው።