ሽማግሌ ስለላክሁ የተዘጋብኝ ፋይል

ቀን፦ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2026

ለሥራ አድልዎ አቤቱታ መርማሪ ቢሮ ኃላፊ
ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ

ጉዳዩ፦ ያላመንሁት ጥፋት ከፋይሌ እንዲሰረዝልኝና የተዘጋው ምርመራ እንዲከፈት ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች በሪሁን አስናቀ የሰባ አንድ ዓመት ሰው ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ጎልምሼ ነው። ጽሑፌ ቢያዳልጥ ይታለፍልኝ፤ ነገሩ ግን አያዳልጥም። ቢሮዎ አስተርጓሚ አለው ስላሉኝ በማውቀው ቋንቋ ጽፌአለሁ።

1. ብሩክሊን ፓርክ በሚገኝ የምግብ መጋዘን ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ዘጠኙንም ፍሪዘር ውስጥ። በእኛ ሺፍት ፍሪዘር የምንገባው ሃያ ሦስት ነበርን፤ ሃያ አንዳችን ጥቁሮች። ወደ ደረቅ ዕቃ ክፍል ለመዛወር አራት ጊዜ ፎርም ሞላሁ። አራቱንም ጊዜ «ቦታ የለም» ተባልሁ። ከእኔ በኋላ የተቀጠሩ አምስት ነጮች ግን በቀጥታ እዚያ ገቡ። የግራ እጄ ሁለት ጣቶች ደንዝዘው ቀርተዋል። የሸሚዜን ቁልፍ ትቆልፍልኝ የነበረችው ባለቤቴ ሙሉ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት።

2. መጋዘኑ ቀድሞ እንዲህ ያለ አቤቱታ የሚሰማ የዳይቨርሲቲ ክፍል ነበረው። ባለፈው ዓመት ዘጉት። ሱፐርቫይዘሩን ብጠይቀው «ያ የናንተ ፕሮግራም አልቋል፤ አሁን ሁሉም እኩል ነው» አለኝ። ያስተረጎመችልኝ የሥራ ባልደረባዬ ዙለይሃ ናት። «እኩል ከሆነ እሱም ጃኬቱን ይልበስና ይግባ በይልኝ» አልኋት። ሳትቀንስ ነገረችልኝ። በሳምንቱ «ሥራ ላይ ዘገምተኛ ነህ» ተብዬ ተባረርሁ።

3. ወዲያው ወደ ክስ አልሮጥሁም። ሙሉ በሕይወት ሳለች «ሰው ሳትልክ ሕግ ፊት አትቁም» ትል ነበር፤ ወጋችንም ይኸው ነው። በአቶ ዋለ መሪነት ወደ ሱፐርቫይዘሩ ሦስት ሽማግሌ ላክሁ። ወንበር ቢሰጧቸውም አልተቀመጡም። እንደ ቆሙ «አጥፍተን ከሆነ ይቅር ይበሉን» ብለው ጀመሩ። ሽማግሌ ነገር የሚከፍተው እንዲህ ነው፤ የላከው ተበዳዩ ቢሆንም እንኳ መጀመሪያ የሰውን ልብ ያበርዳል፣ በደሉን የሚያነሣው ከዚያ ወዲያ ነው። ሱፐርቫይዘሩ ግን በደሉን ለመስማት አልቆየም። ይቅርታውን ብቻ ጽፎ ተነሣ።

4. ከዚያ በኋላ ለቢሮዎ አቤቱታ ባቀርብ፣ መጋዘኑ ያንኑ ወረቀት መልስ አድርጎ አቀረበ። ጃንዋሪ 20 ቀን የደረሰኝ ደብዳቤ «አመልካቹ በወኪሎቹ በኩል ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ ስለጠየቀ ፋይሉ ተዘግቷል፤ ተቃውሞ ካለ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይቅረብ» ይላል። በስልክ ያነበበችልኝ በነጻ የምትከራከርልኝ ጠበቃ እህተማርያም ናት፤ የመጨረሻ ሥራዋም እሱ ሆነ። «አባባ፣ የዘር እኩልነት የሚል ቃል ያለበት ሥራ ሁሉ የገንዘብ ድጋፉ ተቋርጧል፤ እኛንም አሰናበቱን» አለችኝ። «አይዞሽ ልጄ፣ ከፍሪዘር አይብስም» አልኋት። ሌሎች ጠበቆችን ብትለምንልኝም በዚህ ጊዜ እንዲህ ያለ ክስ አንነካም ብለዋታል።

5. ክቡር ሆይ፣ መባረሩን እችለዋለሁ። ያላጠፋሁትን «አመነ» ተብዬ መጻፌን ግን አልችለውም። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ይህ ነው፦ ዙለይሃና ሌሎች ስድስት ሠራተኞች ስማቸውን አስመዝግበው መስክረውልኛል። ፋይሉ ከተዘጋ ምስክርነታቸውም አብሮ ይዘጋል፤ እነሱ ግን ዛሬም ፍሪዘር ውስጥ ናቸው፤ ሱፐርቫይዘሩም ማን እንደመሰከረ ያውቃል። ዙለይሃ ባለፈው እሑድ ደውላ «ጋሼ፣ እርስዎስ ወጡ፤ እኛ ከበሩ ወዲያ ነን» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ይህን ለመጻፍ ተቀመጥሁ።

ስለዚህ «ጥፋቱን አምኗል» የሚለው ቃል እንዲሰረዝልኝ፤ ሦስቱ ሽማግሌዎች ተጠርተው ማን እንደላካቸውና ለምን ቆመው እንደተናገሩ በመሐላ እንዲጠየቁልኝ፤ ፋይሉ ተከፍቶ የሰባቱ ምስክሮች ቃል እንዲመረመር፣ ምርመራው እስኪያልቅም አንዳቸውም እንዳይነኩ ለመጋዘኑ በጽሑፍ እንዲነገርልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

ጠበቃ የለኝም። ሽማግሌም ከእንግዲህ አልልክም፤ አንዱ መላክ በቅቶኛል። ቀጠሮ ሲሰጠኝ በአውቶብስ ራሴ እመጣለሁ። ወንበር ከሰጡኝ እቀመጣለሁ። ይቅርታ ግን አልጠይቅም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

በሪሁን አስናቀ
(በገዛ እጄ የፈረምሁት)