ሳይቆረጡ የቀሩት የድንበር ዋንዛዎች፤ የአቶ ሽታው ታመነ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሽታው ከአባታቸው ከአቶ ታመነ ወንዱና ከእናታቸው ከወ/ሮ ማናዬ በዕውቀቱ በ1946 ዓ.ም. በአርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ተወለዱ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ገብተው እስከ ዳዊት ተምረዋል። ለድቁና ግን አልበቁም፤ መምህራቸው ዜማ ሲያወጡ እርሳቸው በገዳሙ ዛፎች ሥር ያለው አፈር በበጋ ለምን እንደማይደርቅ ይመራመሩ ነበር።

በ1968 ዓ.ም. ከወ/ሮ ተሾመች ጋር ጋብቻ መሥርተው ሰላማዊትንና ሰብለወንጌልን ወልደዋል።

ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ በማሽላቸው መሀልና በማሳቸው ድንበር ላይ ዋንዛ ተከሉ። አገሩ ሳቀ። "ሽታው ለወፍ ቤት እየሠራ ነው" ተባለ። ዋንዛዎቹ ሲያድጉ የድንበር ጎረቤታቸው አቶ ኑርዬ "ጥላው ጤፌን በላው" ብለው ከሰሱ፤ ሽማግሌዎችም በድንበሩ ላይ ያሉት ሦስቱ እንዲቆረጡ ፈረዱ። አቶ ሽታው ፍርድ አክባሪ ነበሩና እሺ አሉ። እህሉ እስኪታጨድ ብቻ ቀጠሮ ለመኑ። ሲታጨድ፣ ወፎቹ ጫጩት እስኪያወጡ ለመኑ። ከዚያ ፋሲካ ደረሰ፤ ቀጥሎ ረመዳን ገባ፤ በጾም መጥረቢያ ማንሳት ለአቶ ኑርዬም አልተመቻቸውም። እንዲህ እንዲህ እያለ ዘመን አለፈ።

በ2007 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ አርፍዶ ገባ፤ ቀድሞም ወጣ። የሰፈሩ እህል ሳያፈራ ሲደርቅ፣ የአቶ ሽታው ማሽላ የዓመታት ቅጠል ባለሰለሰው አፈር ላይ እሸት ያዘ። በአቶ ኑርዬ ማሳም ያፈራው ጥላው ያረፈበት ጠርዝ ብቻ ነበር። አቶ ኑርዬ ዳግም ከሰሱ፦ "ጥላው ወደ ሽታው ያደላል፤ ድርሻዬ ይሰጠኝ!" ሽማግሌዎቹ ጥላ በገመድ እንደማይለካ ተገንዝበው አቶ ሽታው ለአቶ ኑርዬ የዋንዛ ችግኝ እንዲሰጡ ፈረዱ። አቶ ሽታው ይህን ፍርድ በዚያው ቀን ፈጸሙት። ዛሬ ከሐይቁ ዳር እስከ ዳገቱ በየማሳው ዋንዛ አለ፤ ያኔ የሳቁትም ሐሳቡን እነሱ እንዳመጡት ይናገራሉ።

አቶ ሽታው ታመው አልጋ ላይ ሳሉ ያስጨነቃቸው ዛፎቹ ይቆረጡ የሚለው የቀደመው ፍርድ አለመሻሩ ነበር፤ እርሳቸው ካለፉ ቀጠሮ የሚለምን የለምና። አቶ ኑርዬ ይህን ሲሰሙ ሽማግሌዎቹን ይዘው መጡ። "አንተ ሽታው፣ እነዚያን ዛፎች የሚነካ ቢመጣ ከሳሹ እኔ ነኝ" ብለው ፍርዱን አስሻሩ። አቶ ሽታውም "እንግዲህ ቀጠሮ አልለምንም" አሉ።

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በ72 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና አንድ የቀድሞ ከሳሻቸውን ትተዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ማንም በማይከስበት፣ ቀጠሮም በማያስፈልግበት ጥላው ሥር ያሳርፍልን።