የአስራ አራት ቁጥር ሐሙስ

ውድ ሶልቬግ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እዚያ ሰሜን የሉሌኦ በረዶ እንዴት ይዞሻል? ልጅሽ ማሊንና ልጆቿስ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ስወርድ እንደ ወትሮው ያጉረመርማል። ለልደቴ ለራሴ የገዛሁት የእጅ ሰዓት ደግሞ ቁጭ ባልኩ ቁጥር "ተነስ፣ ተንቀሳቀስ" እያለ ይነዘንዘኛል። ባለፈው ሐሙስ ምድጃው አጠገብ ቆሜ የአተር ሾርባዬን ሳማስል "ጎበዝ፣ ዛሬ ብዙ ተራምደሃል!" ብሎ አሞገሰኝ። አንዲት እርምጃ አልተራመድኩም። እጄ ሲዞር እግሬ የሄደ መስሎት ነው። ይህን ከደረስኩበት ወዲህ ሾርባውን በሌላው እጄ አማስላለሁ፤ ያልለፋሁበትን ምስጋና መቀበል ደስ አይለኝም።

ታውቂኛለሽ፣ አዲስ ዕቃ ቤት ሲገባ አሠራሩን ሳልመረምር እንቅልፍ አይወስደኝም። "ስቴላን፣ አንተ እኮ ማንቆርቆሪያ ብትገዛ የት እንደተወለደ ትጠይቀዋለህ" ትይኝ ነበር። ዛሬም ያው ነኝ። የምጽፍልሽ ግን ስለ ሰዓቱ አይደለም፤ ምድር ቤት ስላለው የልብስ ማጠቢያ ክፍላችን ነው። ማለቴ፣ ስለ አንቺ ነው።

አንቺ ማሊን ጋ ልትሄጂ ጥቂት ሳምንት ሲቀርሽ የእንጨቱን ሰሌዳ ነቅለው ስክሪን ሲሰቅሉ አብረን ቆመን አይተናል። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ትንሽ ጓጉንቸር የሚፈልገው ቀንና ሰዓት ላይ ሰክቶ የሚቆልፍበት ሰሌዳ፣ ያ ሁሉ ዘመን ሲያገለግለን ኖሮ በአንድ ጠዋት ቆሻሻ መጣያ ገባ። አንቺ ተናደድሽ። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ስክሪኑን ለመነካካት እጄን በላኝ። መተግበሪያውን ስልክሽ ላይ የጫንኩልሽ እኔ ነኝ። "ከአልጋዬ ሳልነሳ ተራ ልይዝ ነው?" ብለሽ ስትስቂ ትዝ ይልሻል?

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ስክሪኑን እንደ ጋዜጣ ማንበብ ለመድኩ። ባዶው ሰዓት አረንጓዴ ነው፤ የተያዘው ቀይ ሆኖ የቤቱን ቁጥር ያሳያል። የሰው ስም አይጽፍም። ግን ቁጥር ብቻ እያየሁ ማን ልጅ እንደወለደ፣ ማን እንግዳ እንደመጣበት፣ ማን ከሚስቱ እንደተጣላ አወቅሁ ብልሽ ታምኚኛለሽ? ድሮ ሰሌዳው ላይም ያው ነገር ተጽፎ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ልብ ብዬ አላየሁትም።

አንድ ነገር ግን አልገባኝ አለ። ሐሙስ ከሰዓት፣ ከእኔ ተራ በፊት ያለው፣ የድሮው ያንቺ ሰዓት፣ ሁልጊዜ ቀይ ነው። አስራ አራት ቁጥር፣ ያንቺው ቤት። ስወርድ ግን ክፍሉ ጭር ብሏል፣ ማሽኖቹ ቀዝቅዘዋል፣ የደረቅ ልብስ ሽታ እንኳን የለም። ግማሽ ሰዓት ሰው ካልመጣ ስክሪኑ ራሱ ቦታውን ይለቅና አረንጓዴ ይሆናል። በሳምንቱ ደግሞ እንደገና ቀይ።

በዚህ ሕንፃ ሰው ቢሰርቅ ይቅር ይባል ይሆናል፤ የማጠቢያ ተራ ይዞ መቅረት ግን ይቅር እንደማይባል አንቺም ታውቂያለሽ። ብዙም ሳይቆይ በሩ ላይ ወረቀት ተለጠፈ፤ "ሰላም! ለአስራ አራት ቁጥር፦ ተራ ይዞ አለመምጣት ጎረቤትን መናቅ ነው። መልካም ቀን!" ይላል። ከሥሩ የሚስቅ ፊት ተስሎበታል። ስም የለውም፤ የጎረቤታችንን የራግናርን የእጅ ጽሑፍ ግን ማን ያጣዋል?

ቤትሽን የተከራየችው ቲንድራ ትሆናለች ብዬ ደረጃው ላይ ጠየቅኋት።

"ኧረ ጋሼ፣ እኔ ሰኞ ነው የማጥበው!" አለችኝ። "ሐሙስ ኳስ ልምምድ አለብኝ። እኔ ያለኝ እኮ ይቺ የበር ቁልፍ ብቻ ናት፤ ስክሪኑ ላይ በእሷ ነው ተራ የምይዘው። የስልኩ መተግበሪያ የባለቤትየዋ ነው።"

የባለቤትየዋ አለች። ደረጃው ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ያን ዕለት ልቤ ምን እንዳለ አልነግርሽም፤ ጭንቅላቴ ግን ወዲያው ሥራ ጀመረ። መተግበሪያው "በየሳምንቱ ድገምልኝ" የሚል ምልክት አለው፤ አንዴ ከነካሽው ማሽኑ ራሱ ይደጋግማል። ስጭንልሽ ነክቼው ይሆናል አልኩ። ስለዚህ የሐሙሱ ቀይ ማሽን ነው ወይስ ሶልቬግ? ለመፈተን የራሴንም ተራ ይህንኑ ምልክት ነካሁበትና ጠበቅሁ። ከገና በኋላ ያለው በዓል ዘንድሮ ሐሙስ ዋለ፤ በበዓል ደግሞ ክፍሉ ዝግ ነው። ማሽኑ የእኔን ተራ ዝም ብሎ ዘለለው፤ በዚያ ሳምንት ተራ አልነበረኝም። ያንቺ ግን አርብ ላይ ቀይ ሆኖ ብቅ አለ።

ሐሙስ እንደተዘጋ አይቶ አርብን የመረጠው የሰው ጣት ነው። ይህን ሳውቅ በዚህ ዕድሜዬ ምድር ቤት ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ወዲያው ከጎንሽ ያለውን የአርብ ሰዓት ያዝኩ። አይተሽው ይሆን?

ያ ሁሉ ሐሙስ ትዝ ይልሻል አይደል? ያንቺ ተራ ሲያልቅ የእኔ ይጀምራል፤ አንሶላ ደግሞ ለብቻ አይያዝም። ያንን ዳምጠው ያልነውን የአንሶላ መዳመጫ አስነስተን፣ አንቺ በአንድ ጫፍ እኔ በሌላው፣ ስበን ወጥረን አንድ ጊዜ ወደፊት አንድ ጊዜ ወደኋላ። "አትጎትት፣ ጀልባ እያሰርክ ነው እንዴ!" ትይኛለሽ። አንድ ቀን አንሶላው ታጥፎ አልቆ፣ ጫፎቹ እጃችን ላይ እንዳሉ፣ ሁለታችንም ሳንለቅ ቆመን ቀረን። ያን ጊዜ የእኔ ማሽን ጨርሻለሁ ብሎ ጮኸ። አንቺ ቅርጫትሽን አነሳሽ፣ እኔ ልብሴን ላወጣ ዞርኩ። ስለዚያች ቅጽበት አንድም ቃል አልተነጋገርንም። እኔ ግን በየቀኑ አስባታለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ የማኅበሩ ስብሰባ ነበር። ሊቀመንበራችን ጉንቦሪ የቀረፋ ዳቦውን አሳልፋ ሳትጨርስ ወደ ነገሩ ገባች።

"አስራ አራት ቁጥር ይያዛል፣ ሰው አይመጣም። መተግበሪያው ይዘጋበት የምትሉ እጃችሁን አውጡ።"

"አይዘጋ" አልኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። "የምትይዘው ሶልቬግ ናት።"

"ሉሌኦ ተቀምጣ?" አለ ራግናር። "ሸሚዟን በፖስታ ልትልክልን ነው?"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔም መሳቅ ሞከርኩ፣ ፊቴ እንደቀላ ግን ይታወቀኛል። ቦታውን እኔ እጠቀምበታለሁ፣ ባዶ አይቀርም፣ ማንንም አይጎዳም አልኩ። ጉንቦሪ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"አንተ ሰውዬ፣ ስልክ የለህም?"

"አለኝ።"

"የሚናገር ሰዓት አለህ፣ የሚናገር ሚዛን አለህ። አንተ ራስህ ምን ሆነህ ነው የማትናገረው?"

"ደውዬ ምን ልበላት?"

"እኔን ነው የምትጠይቀኝ?" አለች። ከዚያ ግን ድምጿን ቀነስ አድርጋ፣ "ቤቱን ልትሸጠው እያሰበች ነው፣ ስቴላን። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ እሰጣለሁ ብላለች። እስከዚያ አንዘጋባትም" አለችኝ።

ልትሸጪው ነው? ከሳምንት እስከ ሳምንት አንዲት ቀይ ምልክት ስፈታ ኖሬ ይህን ከጉንቦሪ አፍ መስማቴ ከነከነኝ። ቤት ገብቼ ስልኩን አነሳሁ፣ ስምሽን አወጣሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ሐሙስን እንጠይቀው አልኩ ለራሴ፤ የሐሙሱ ቀይ እስካለ ድረስ ጊዜ አለኝ ብዬ።

ዛሬ ጠዋት ስክሪኑን ሳይ የፊታችን ሐሙስ አረንጓዴ ነው። ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ አጥፍቼ አበራሁት። አረንጓዴ ነው። በስልኬም አየሁት። ያው።

ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም። ረስተሽው ይሆናል። ስልክሽ ወድቆ ተሰብሮ ይሆናል። ማሊን "እማዬ፣ በቃ ሽጪው" ብላሽ "እሺ" ብለሽ ይሆናል። ድሮ ቢሆን ቁጭ ብዬ መተግበሪያውን እመረምር ነበር፤ ማሽን ስለ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ ማወቅ እወዳለሁ። ይህን ግን ማሽኑ አያውቀውም። አንቺን ነው መጠየቅ ያለብኝ፣ ፈራሁሽ እንጂ።

ስለዚህ የባቡር ትኬት ቆርጫለሁ። አርብ ማታ ስቶክሆልም ላይ ቀይሬ ቅዳሜ ጠዋት ሉሌኦ እገባለሁ። ልመልስሽ አይደለም የምመጣው፤ ቤቱ ያንቺ ነው፣ ሸጠሽም የልጅ ልጆችሽ ጋ ብትቀሪ ማንም ቅር አይለውም። እኔ ቅር ይለኛል፣ እሱን አልክድም። እንዳትሸጪው እፈልጋለሁ። ከሸጥሽው ደግሞ እዚያ ላንድ ጡረተኛ የሚሆን ክፍል ይገኝ እንደሆን እጠይቃለሁ። የማትፈልጊኝ ከሆነ ጣቢያው ላይ ንገሪኝ፤ አንድ ቡና ጠጥተን በሚቀጥለው ባቡር እመለሳለሁ፣ ቂምም አልይዝም።

እወድሻለሁ፣ ሶልቬግ። ይህን በወረቀት ለመጻፍ ሦስት እስክሪብቶ ቀያይሬያለሁ፤ አንዱም አልተበላሸም ነበር።

ፖስታችን በየሁለት ቀኑ ስለሚታደል ይህ ደብዳቤ ከእኔ በፊት ይድረስ አይድረስ እንጃ። ከእኔ በኋላ ከደረሰ አትክፈቺው፤ የተጻፈውን በሙሉ ፊትሽ ቆሜ በአፌ እነግርሻለሁ።

እስከ ቅዳሜ ጠዋት፣
ስቴላን